የዚያር ቤት ዓመታት ለምን አይገጥሙም? የቃቡስ ግንብ፣ ሳንቲሞቹና ሁለቱ ጎርጋኖች

ጥያቄው፦ «በሰሜን ኢራን ስለ ገዛው የዚያር ቤት፣ ስለ ዚያሪዶች፣ በአማርኛ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ መጽሐፍ ሥርወ መንግሥቱ በ928 ጀመረ ይላል፤ ሌላው 931 ይላል። ማብቂያውን አንዱ 1042፣ ሌላው 1090 ያደርገዋል። በቃቡስ ግንብ ላይ ደግሞ 397 እና 375 የሚሉ ሁለት ዓመታት ተጽፈዋል። የቱን ልያዝ? በእነዚያ ሁሉ ኃያላን መካከልስ እንዲህ ያለ ትንሽ ቤት ያን ያህል ዘመን እንዴት ቆየ?»

ምላሽ፦

ለጽሑፍዎ 931 እና 1090ን ይያዙ፤ ከሁለተኛው ጎን «ገደማ» የሚለው ቃል አይለየው። እዚህ ላይ ባቆም ግን ሌላ መጽሐፍ ሲከፍቱ እንደገና ግራ መጋባትዎ አይቀርም። አብዛኛው ልዩነት የመጣው ጸሐፊዎቹ ተሳስተው ሳይሆን የሚቆጥሩት ነገር ስለሚለያይ ነው። የቀረው ደግሞ የሂጅራን (የእስልምናውን የጨረቃ አቆጣጠር) ዓመት ወደ ሌላ አቆጣጠር ሲመልሱ የሚፈጠር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ዘመኑ ከ1582 በፊት ስለሆነም ቀኖቹ የሚቆጠሩት በዩልዮስ አቆጣጠር ነው።

ቤቱ የተነሣው ከጊላን፣ ከካስፒያን ባሕር ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ነው። ከጊላን በላይ በኤልቡርዝ ተራሮች ውስጥ ዳይላም አለ። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ጠበሪስታን (የዛሬው ማዛንደራን) ይመጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ የቱርክመን ሜዳ የሚጀምርበት ጎርጋን ይገኛል። ጊላንና ዳይላም እስልምና ዘግይቶ የገባባቸው አገሮች ነበሩ። ወጣቶቻቸው በእግረኛ ወታደርነት ለደመወዝ እየተቀጠሩ በየአሚሩ ሠራዊት ውስጥ ይገኙ ነበር። የዚያር ልጅ መርዳዊጅ ከእነዚህ አንዱ ነበር። አስፋር ለተባለ የዳይላም ጦር መሪ አገልግሎ በመጨረሻ በእሱ ላይ ተነሣና ገደለው፤ ቀጥሎ ሬይን፣ ቃዝቪንን፣ ሐማዳንንና ኢስፋሃንን ያዘ።

የመነሻው ዓመት የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። መርዳዊጅ በአስፋር ሥር ሆኖ የተሰጠውን ሹመት የሚቆጥር ጸሐፊ ወደ 928 ይሄዳል። አስፋርን አስወግዶ በራሱ ስም መግዛት የጀመረበትን የሚቆጥር 930 ወይም 931 ይላል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ የሌላ ሰው ሹም ሥርወ መንግሥት መሠረተ አይባልምና። 928ን የሚጠቀም መጽሐፍ ካጋጠመዎ «ስሕተት» ብለው አይለፉት፤ ምን እንደቆጠረ በአንድ ሐረግ ይግለጹ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። የጥንቶቹ ታሪክ ጸሐፊዎች የሰጡን የሂጅራ ዓመት ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስላለው ከፀሐይ ዓመት ጋር አብሮ አይጀምርም፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። የተለመደው ቀመር የሂጅራውን ዓመት በ0.970224 አብዝቶ 621.5774 መጨመር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የውጤቱን ነጥብ ቆርጦ ሲጥለው ነው። መርዳዊጅ የተገደለው በ323 ሂጅራ ነው። ቀመሩ 934.96 ይሰጣል፤ ነጥቡ ሲቆረጥ 934 ይሆናል። ነገር ግን 934.96 የሚነግረን ዓመቱ የጀመረበትን ጊዜ ብቻ ነው። 323 ሂጅራ የገባው ዲሴምበር 11 ቀን 934 ሲሆን ያለቀው በኖቬምበር 935 ነው። መርዳዊጅ የሞተው ዓመቱ ከገባ ከሳምንታት በኋላ፣ በ935 መግቢያ ነው። በእኛ አቆጣጠር 927 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስለዚህ ወሩን የማያውቁ ከሆነ 934/935 ብለው ሁለቱንም ይጻፉ፤ ወሩን ካወቁ ብቻ አንዱን ይምረጡ። ከዚያ ወደ ዓ.ም. ሲመልሱ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ዲሴምበር 31 ላለው 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦገስት መጨረሻ ላለው 8 ይቀንሳሉ። ዓመቱን ብቻ ይዞ ከሂጅራ በቀጥታ ወደ ዓ.ም. የሚዘል ሰው ሁለት ጊዜ ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለቱ ስሕተቶች ተደምረው የሁለት ዓመት ልዩነት ሲያመጡ በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ይታያል።

ሁለተኛ ምሳሌ፦ የመርዳዊጅ ወንድምና ወራሽ ዉሽምጊር ለአደን ወጥቶ የዱር አሳማ ገደለው። ቀኑ የ357 ሂጅራ የመጀመሪያ ቀን ተብሎ ይሰጣል፤ ይህም ዲሴምበር 7 ቀን 967 ነው። አንድ ቀን ወደ ኋላ ያደረገው ጸሐፊ 356 ብሎ ይመዘግባል። በሂጅራ የዓመት ልዩነት የሚመስለው ነገር በእውነቱ የአንድ ቀን ልዩነት ነው። ዝርዝር ውስጥ 356 እና 357 ሲያዩ ሁለት የተጣሉ ወገኖች አሉ ብለው አያስቡ።

የቃቡስ ግንብ ከሁሉም የሚጥም ጉዳይ ስለሆነ እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ። ግንቡ የዉሽምጊር ልጅ ቃቡስ በሕይወት ሳለ ለራሱ ያሠራው መቃብር ነው። ቁመቱ 53 ሜትር ነው፤ ካልተቀባ የተጠበሰ ጡብ ተሠርቶ ዙሪያውን አሥር የሾሉ ክንፎች ከታች እስከ ጣሪያው ሥር ይወጣሉ፤ ላዩ ሾጣጣ የጡብ ጣሪያ ነው። ስፋቱ ከታች 17 ሜትር፣ ከላይ 15.5 ሜትር ነው። በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በክንፎቹ መካከል ባሉት ክፍተቶች ላይ ኩፊ በሚባለው ጥንታዊ የዓረብኛ አጻጻፍ የተቀረጸ ቀበቶ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ከበሩ በላይ ነው፣ አንዱ ከጣሪያው ሥር። የሚለውም ይህ ከፍ ያለ ሕንፃ የአሚር ሸምስ አልመዓሊ፣ የአሚር ልጅ አሚር፣ የዉሽምጊር ልጅ ቃቡስ መሆኑን፣ በሕይወቱ እንዲሠራ ማዘዙን፣ ዓመቱም 397 የጨረቃና 375 የፀሐይ መሆኑን ነው።

397 የተለመደው ሂጅራ ነው። ችግሩ ያለው 375 ላይ ነው። የዛሬዋ ኢራን የምትጠቀምበት የፀሐይ ሂጅራ ስላለ ብዙ ሰው 375ን በዚያ መንገድ ያሰላዋል፤ 621 ይጨምርና 996 ያገኛል። በ996 ግን ቃቡስ ጎርጋን ውስጥ አልነበረም፤ ኒሻፑር በስደት ላይ ነበር። በጽሑፉ ላይ ያለው የየዝድገርድ አቆጣጠር ነው፤ መነሻው ከእስልምና በፊት ፋርስን የገዛው የሳሳን ቤት የመጨረሻ ንጉሥ የየዝድገርድ ሳልሳዊ ዘመነ መንግሥት ሲሆን ጁን 16 ቀን 632 ይጀምራል። ለአማርኛ አንባቢ ይህን አቆጣጠር ማስረዳት ቀላል ነው፤ 12 ወር እያንዳንዱ 30 ቀን፣ በተጨማሪ 5 ቀን አለው፤ የእኛው ጳጉሜን ማለት ነው። ልዩነቱ ስድስተኛ ጳጉሜን የለውም። በአራት ዓመት አንድ ቀን ስለሚጎድለው አዲስ ዓመቱ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። በ632 በጁን የነበረው ኖውሩዝ (የፋርስ አዲስ ዓመት) ከ374 ዓመት በኋላ ወደ 93 ቀን ሸሽቶ ማርች 15 ቀን 1006 ላይ ደረሰ። በዩልዮስ አቆጣጠር ይህ ያን ጊዜ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት የጸደይ ወቅት ነው። ማለትም ቃቡስ ግንቡ ላይ ያስቀረጸው 375 ኖውሩዝ ወደ ትክክለኛ ቦታው የተመለሰበት ዓመት ነበር። ይህ በአጋጣሚ ይሁን በዓላማ ግንቡ አይናገርም። ነገር ግን በቤተ መንግሥቱ የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር ሁሉ ያጠና ሰው ገብቶ እንደነበር ሲታወስ አጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል። አል ቢሩኒ በ1000 ገደማ ስለ ዘመን አቆጣጠር የጻፈውን ትልቅ መጽሐፉን ያበረከተው ለቃቡስ ነው። በፌብሩዋሪና በኦገስት 1003 የጨረቃ ግርዶሾችን የተመለከተውም ከጎርጋን ነው።

አሁን ሁለቱን ዓመታት ደራርበው ይዩአቸው። 375 የየዝድገርድ ከማርች 15 ቀን 1006 እስከ ማርች 14 ቀን 1007 ነው። 397 ሂጅራ የጀመረው ሴፕቴምበር 27 ቀን 1006 ነው። ሁለቱ አብረው የሚገኙት ከሴፕቴምበር 27 ቀን 1006 እስከ ማርች 14 ቀን 1007 ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 30 እስከ መጋቢት 18 ቀን 999 ዓ.ም. ይሆናል፤ የጨረቃ ወር በማየት ስለሚጀምር በመጀመሪያው ጫፍ የአንድ ቀን ልዩነት ይፍቀዱ። ሁለት ዓመት የተጻፈበት ድንጋይ ወይም ጡብ ስናገኝ ግራ ከመጋባት ይልቅ ደስ ሊለን የሚገባው ለዚህ ነው፤ አንድ ዓመት ወደ አምስት ወር ተኩል ጠበበልን።

ሁለተኛም ጥቅም አለው። በኩፊ ጽሕፈት ነጥብ ስለማይደረግ ሰባትና ዘጠኝ (ሰብዕ እና ቲስዕ) አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ሁለቱም አራት ጥርስ (አጫጭር የቆሙ መስመሮች) እና መጨረሻ ላይ ዓይን የሚባለው ፊደል ናቸው። ሰባና ዘጠናም እንደዚሁ። ስለዚህ በግንቡ ላይ ያለውን የጨረቃ ዓመት ብቻውን ያየ ሰው 377፣ 379፣ 397 ወይም 399 ሊያነብ ይችላል፤ የፀሐዩን ብቻ ያየ 375 ወይም 395። አሁን ያጋጥሟቸው። 375 የየዝድገርድ በ1006 የጀመረ ነው፤ 395 ግን 1026 ነው፣ ቃቡስ ከሞተ በኋላ። 377 እና 379 ሂጅራ በ987 እና በ989 ላይ ይወድቃሉ፣ ቃቡስ በስደት ሳለ። 399 ሂጅራ የጀመረው በሴፕቴምበር 1008 ስለሆነ ከ375 ጋር አይገናኝም። የሚገጥመው ጥንድ አንድ ብቻ ነው፦ 397 ከ375 ጋር።

የቃቡስን ዘመን ሲጽፉ አንድ ረጅም ዘመነ መንግሥት አያድርጉት። ከ977 እስከ 981፣ እንደገናም ከ998 እስከ 1012 ወይም 1013 ነው የገዛው። መካከል ላይ ያሉት 17 ዓመታት የስደት ናቸው። ምክንያቱም ይህ ነው፦ ምዕራብ ኢራንንና ባግዳድን የያዘው የቡያ ቤት (ቡዪዶች) ኃያሉ አሚር አዱድ አድዳውላ ወንድሙን ፋኽር አድዳውላን ሲያሳድደው ቃቡስ ስደተኛውን ተቀበለ፤ ስጠኝ ሲባል እምቢ አለ። በ981 በአስታራባድ አጠገብ ተሸንፎ ሁለቱም በምሥራቅ ኹራሳንን ወደ ያዙት ወደ ሳማኒዶች ግዛት፣ ወደ ኒሻፑር ሸሹ። የሚገርመው ፋኽር አድዳውላ በኋላ ዙፋኑን ሲያገኝ ለቃቡስ አገሩን አልመለሰለትም። ቃቡስ የተመለሰው ፋኽር አድዳውላ በ997 ሞቶ በሬይ ሕፃን ልጁ ሲቀመጥ ነው። የሞቱ ዓመት ሁለት የሆነው ደግሞ የተገደለው በ403 ሂጅራ በብርዱ ወራት፣ ማለትም በአውሮፓ ዓመት መለወጫ ግራና ቀኝ ስለሆነ ነው። የጦር መሪዎቹ ከጭካኔው የተነሣ አምፀው ልጁን መኑቸህርን ተኩ፤ እሱን በቻናሽክ ምሽግ አሰሩት፤ ዳግም እንዳይነሣባቸው ስለፈሩም ልብስ ነፍገው በብርድ ገደሉት። ጥሩ የዓረብኛ ጸሐፊ፣ የፊደል ጥበበኛ፣ የሊቃውንት ወዳጅ መሆኑና ለትንሽ ጥፋት ሰው የሚያስገድል መሆኑ በዚያው ሰው ውስጥ ነበሩ፤ ጽሑፍዎ አንዱን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ። ታላቁ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ሲና ወደ ጎርጋን የመጣው ቃቡስን ፈልጎ ነበር፤ ሲደርስ አሚሩ ታስሮ መሞቱን ሰማ።

ወደ ቦታ ስሞች ልለፍ፤ ካርታ ያለው ጽሑፍ ከሆነ ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ነው። የዛሬዋ የጎርጋን ከተማ የመካከለኛው ዘመን ጎርጋን አይደለችም። የዛሬዋ ጎርጋን ጥንት አስታራባድ ነበረች፤ ስሟ የተለወጠው በ1930ዎቹ ነው። የድሮዋ ጎርጋን ፍርስራሽ ያለው ግንቡ ከቆመበት ከጎንባደ ካቩስ ከተማ አጠገብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ወደ 90 ኪሎ ሜትር አለ። «ቃቡስ በአስታራባድ ተሸነፈ» እና «በጎርጋን ገዛ» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች በዛሬው ካርታ ላይ ካስቀመጧቸው አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃሉ። ሁለተኛው ወጥመድ ካራጅ ነው። መርዳዊጅ ለቡያ ልጅ ለዓሊ የሾመበት ካራጅ ከቴህራን ምዕራብ ያለው ትልቅ ከተማ ሳይሆን በሐማዳንና በኢስፋሃን መካከል የነበረው የአቡ ዱላፍ ካራጅ ነው። ሬይ ግን ችግር የለባትም፤ ዛሬ በቴህራን ደቡብ ተውጣለች።

ሳንቲሞችን ማየት የሚችሉ ከሆነ ይዩ፤ መጻሕፍቱ የማይነግሩትን ይናገራሉ። የዘመኑ ድርሃም (የብር ሳንቲም) አሠራር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። በአንደኛው ገጽ መካከል የአሐዳዊነት ቃል አለ፤ ዙሪያውን «በአላህ ስም ይህ ድርሃም በእገሌ ከተማ በእገሌ ዓመት ተመታ» የሚለው ይዞራል። በሌላው ገጽ መካከል የነቢዩ ስም፣ የኸሊፋው ስም፣ የአሚሩም ስም ይደረደራሉ። ዓመቱ በቃል ነው የሚጻፈው፤ መጀመሪያ አንዱ ቤት፣ ቀጥሎ አሥሩ፣ በመጨረሻ መቶው ይመጣል። ከላይ ያልኩት የሰባትና የዘጠኝ ችግር እዚህም አለ፤ እንዲያውም ሳንቲሙ ሲያልቅ ወይም ማኅተሙ ወደ ጎን ሲንሸራተት መቶው ራሱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ዓመቱን የሚያጠብብልዎ የስሞቹ ዝርዝር ነው። የዉሽምጊር ታላቅ ልጅ የቢሱቱን ስም ያለበት ከሆነ ከ967 እስከ 977 ካለው ዘመን ውጭ አይወጣም።

በኸሊፋው ስም ብቻ ግን ዓመት አያውጡ። ቡዪዶች በባግዳድ ኸሊፋ ሲሽሩ በምሥራቅ ያሉት አሚሮች ወዲያው አይቀበሏቸውም ነበር። ሳማኒዶች በ991 የተሻረውን አጥጣኢዕን ከተሻረ ከዓመታት በኋላም በሳንቲማቸው ላይ ያስቀምጡት ነበር። የተሻረ ኸሊፋ ስም ያለበት ሳንቲም «ያረጀ» ሳይሆን «ባግዳድ ላይ ያኮረፈ» ሊሆን ይችላል።

የስሞቹን ቅደም ተከተል ማንበብ ሦስተኛውን ጥያቄዎን፣ «እንዴት ቆዩ?» የሚለውን ይመልሳል። ቢሱቱን ድርሃሞቹን ሲያስመታ የራሱን ስም ብቻ አላደረገም፤ የቡዪዶቹን የሩክን አድዳውላንና የአዱድ አድዳውላን ስም በበላይነት አስገባ። አባቱ ዉሽምጊር ዕድሜውን ሙሉ የተዋጋቸው እነዚሁን ነበር! ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ዉሽምጊር ሲሞት የሳማኒዶች ወገን ታናሹን ቃቡስን ፈለገ፤ ታላቁ ቢሱቱን ወደ ቡዪዶች ዞረና በእነሱ ድጋፍ አገሩን ያዘ። ከዚያ በኋላ ቤቱ በዚህ ብልሃት ኖረ፦ ሁለት ኃያላን በሚገፋፉበት መካከል መቆም፣ አንዱን በሳንቲምና በጁምዓ ኹጥባ (ስብከት) በስሙ እየጠሩ የበላይ ማድረግ፣ ሲሸነፉም ወደ ሌላው መሸሽ።

መነሻው እንዲህ አልነበረም። መርዳዊጅ የወርቅ ዙፋንና የጥንት ነገሥታትን የመሰለ ዘውድ አሠርቶ ነበር፤ ባግዳድን ይዞ የሳሳኖችን መንግሥት ለመመለስም ያስብ ነበር። ዕቅዱን ያፈረሰው የውጭ ጠላት ሳይሆን የሠራዊቱ አሠራር ነው። ጊላንና ዳይላም የሚያወጡት እግረኛ ነው፤ ጋሻ፣ አጭር ጦር፣ በተራራ ላይ ጽናት። ሜዳውን ለመያዝ ፈረሰኛ ያስፈልጋል፤ ፈረሰኞቹ ደግሞ የተገዙ የቱርክ ባሮች ነበሩ። መርዳዊጅ ለወገኖቹ አድልቶ እነዚህን ያዋርዳቸው ነበር። ኢስፋሃን ላይ ታላቁን የሳደህ የእሳት በዓል አሰናዳ፤ ከሜዳው ስፋት አንጻር ድግሱ አነሰብኝ ብሎ ተቆጣ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የፈረሶች ጩኸት ስላስቆጣው የባሮቹን ኮርቻ በጀርባቸው ጭኖ ወደ ጋጣ አስነዳቸው። እነሱም በመታጠቢያ ቤት ሳለ ገደሉት። ያን ቀን ሠራዊቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከቱርኮቹ አንዱ ክፍል በባጅካም መሪነት ወደ ኢራቅ ሄደ፤ ባጅካም በ938 የባግዳድ ዋና አሚር ለመሆን በቃ። ዳይላሞቹ ወደ ዉሽምጊር ወደ ሬይ ሄዱ። ዉሽምጊር ገና በጊላን ሳለ የመርዳዊጅ መልእክተኛ ሲመጣ በባዶ እግሩ ሩዝ ሲተክል አገኘው ይባላል። ጭቃው ከእግሩ ሳይደርቅ የግማሽ ኢራንን ዕዳ ተረከበ፤ ይህ ተረት ቢሆን እንኳ ሁኔታውን በደንብ ይገልጻል።

ከ935 በኋላ ምዕራቡ ሁሉ ለቡያ ልጆች ሄደ። በ940 በዳምጋን አቅጣጫ ኢስሐቃባድ ላይ ዉሽምጊርና አጋሩ ማካን በሳማኒዶች ጦር ተመቱ፤ ማካንም ሞተ። በ943 ሬይ በቡዪዱ ሐሰን እጅ ገባች። ለዉሽምጊር የቀረው ካስፒያን ዳር ያለው ጠባብ መሬት ነው፤ ያንንም ብዙ ጊዜ ተነጥቆ ብዙ ጊዜ መልሷል። ያተረፋቸው መልክዓ ምድሩ ነው። ከደቡብ የሚመጣ ሠራዊት የኤልቡርዝን መተላለፊያዎች መውጣት አለበት፤ ወርዶ ሜዳውን ቢይዝም የተሸነፈው አሚር ተራራው ላይ ወይም ጊላን ውስጥ ይቆየዋል፤ ድል አድራጊው ዋና ከተማው ሩቅ ስለሆነ ይመለሳል፤ አሚሩ እንደገና ይወርዳል። ይህ የማይሠራው በምሥራቅ በኩል ብቻ ነው። ጎርጋን ወደ ኹራሳንና ወደ ቱርክመን ሜዳ የተከፈተች ናት፤ ከዚያ በኩል የመጣውን ኃይል ሊቋቋሙት አልቻሉም። የመጨረሻዎቹን አሚሮች ታሪክ የወሰነው ይህ ነው።

መኑቸህር ይህን ስለተረዳ በምሥራቅ የጋዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ሲበረታ አልተዋጋውም። በኹጥባው የማሕሙድን ስም አስገባ፣ በዓመት 50,000 ዲናር ሊገብር ተስማማ፣ የማሕሙድንም ሴት ልጅ አገባ። ገዛ የሚባለው እስከ 1030 ገደማ ነው። የፋርስ ገጣሚው መኑቸህሪ የብዕር ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። የመኑቸህር ልጅ አኑሽርቫን ሲተካ ሥልጣኑን የያዘው አቡ ካሊጃር የተባለ የቤተሰቡ ሰው ነው። አንዳንድ ዝርዝር ሁለቱን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል፣ ሌላው ለየብቻ አሚር ያደርጋቸዋል፤ የስም ብዛት በየመጽሐፉ የሚለያየው በዚህ ነው። በዝርዝርዎ አኑሽርቫንን በአሚርነት፣ አቡ ካሊጃርን በቅንፍ እንደ ሞግዚት ቢያስቀምጡ የተሻለ ነው። ግብሩ ሲዘገይ ምን እንደሚመጣ በ1035 ታይቷል፦ የማሕሙድ ልጅ መስዑድ እስከ ጠበሪስታን ከተማ እስከ አሙል ድረስ ዘምቶ ከከተማዋ 1 ሚሊዮን ዲናር ጠየቀ። ይህን የመዘገበው በዘመቻው አብሮ የነበረው የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ በይሀቂ ነው፤ ጌታውን ሳያድን መጻፉ ምስክርነቱን ያጠነክረዋል።

በ1041 እና በ1042 መካከል የሰልጁቅ ቱርኮች መሪ ቱግሪል በይ ጎርጋንን ያዘ። ማብቂያውን 1042 የሚያደርጉት መጻሕፍት የሚቆጥሩት ይህን ነው። እውነትም ነጻ ኃይልነታቸው ያን ጊዜ አበቃ። ቤቱ ግን አልጠፋም፤ የሰልጁቆች ገባር ሆኖ ቀጠለ። አኑሽርቫን እስከ 1049 ገደማ ኖረ፤ ከእሱ በኋላ የአጎቱ ልጅ ካይካዉስ መጣ። ካይካዉስ በዓለም የሚታወቀው በአሚርነቱ ሳይሆን ለልጁ ለጊላንሻህ በጻፈው በቃቡስ ናማ ነው። መጽሐፉ 44 ምዕራፎች አሉት፤ የተጻፈው በ475 ሂጅራ፣ ማለትም ከጁን 1082 እስከ ሜይ 1083 ባለው ጊዜ ነው። ካይካዉስ በዚያ ላይ ፈረስ ሲገዙ የሚታየውን፣ እንግዳ የሚስተናገድበትን፣ ነጋዴና ሐኪም ሊጠነቀቁ የሚገባቸውን ለልጁ ይዘረዝራል። ልጁ ዙፋን ላያገኝ ይችላልና በሌላ ሙያም እንዲኖር የሚያዘጋጅ አባት ነው የሚናገረው። የቤቱን የመጨረሻ ዓመታት አቅም ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም፤ ታሪክ ጸሐፊዎቹ በዚህ ዘመን ስለ እነሱ የሚጽፉት እጅግ ጥቂት ነው።

ጊላንሻህ ከ1087 እስከ 1090 ገደማ ተራራማውን ክፍል ይዞ ነበር፤ የጣሉት ኢስማዒሊዎች (የሺዓ እስልምና አንድ ወገን) ናቸው። መሪያቸው ሐሰን ሳባሕ የአላሙትን የተራራ ምሽግ የያዘው በሴፕቴምበር 1090 ነው፤ «1090» የሚለው የቤቱ ማብቂያ ከዚህ ክስተት ጋር ተያይዞ የሚሰጥ እንጂ በሳንቲም ወይም በሕንፃ ጽሑፍ የተረጋገጠ ቀን አይደለም። ስለዚህ በጽሑፍዎ «ነጻ ኃይልነቱ እስከ 1042፣ ገባርነቱ እስከ 1090 ገደማ» ብለው ሁለቱን ቢያስቀምጡ የትኛውንም መጽሐፍ የያዘ አንባቢ ቦታውን ያገኛል። የቃቡስ ግንብ የተሠራበትን ግን «999 ዓ.ም.» ብለው ያለ «ገደማ» መጻፍ ይችላሉ።